ድንኳኑ ከጽዱ ሥር ነው

ጋሽ ገብረሕይወትን በጠዋት ደጁ ላይ ቆመው ማየት የሚወድ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ከእሳቸው የበለጠ ሰላምተኛ ፒያሳ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ነገሩ ሥራቸው ነው፤ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ያ የነሐስ ጡሩምባ ከተሰማ፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደተጋደመ ትንፋሹን ውጦ ጆሮውን ያቆማል፤ ቀጥሎ የማን ስም እንደሚጠራ ለመስማት። "እድርተኛ፣ ሰው ጎድሎብናል!" ይላሉ ጋሽ ገብረሕይወት። የሟቹን ስም ይጠራሉ፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ፤ ከዚያ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዜማ ይዘጉታል፦ "ድንኳኑ ከጽዱ ሥር ነው፤ ቀድማችሁ ድረሱ!"

ጽዱ ከድሮው አትክልት ተራ ከፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ፣ በቆርቆሮ ቤቶች የተከበበች አንዲት ጠባብ ሜዳ ላይ የቆመ ዛፍ ነበር። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን "አያቴ ናቸው" ይላል። የሰፈሩ ሰው ለቅሶውንም ሠርጉንም እዚያው ጥላ ሥር ድንኳን ተክሎ ነው ሲወጣው የኖረው። ጋሽ ገብረሕይወት ራሳቸው ያገቡት በዚያው ሰሞን ሰው በተለቀሰበት ድንኳን ውስጥ ነው። ሸራው ያው፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ያው፣ ድስቶቹም ያው ናቸው። የሚለየው ሴቶቹ ነጠላቸውን የሚለብሱበት መንገድ ብቻ ነበር።

ከአዲግራት የመጡት ገና ጢማቸው ሳያቀመቅም ነው። አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሸጡ ድምፃቸው ጊዮርጊስ ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል። ማጋነኑ የአራዳ ነው፤ ድምፁ ግን እውነት ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች ያንን ድምፅ ሰምተው ጡሩምባውን አስረከቧቸው። የሰፈሩ ጎረምሶች ደግሞ "ሬዲዮ" ብለው ሰየሟቸው። "ሬዲዮ፣ ዛሬ የማን ተራ ነው?" ሲሏቸው፣ ጋሽ ገብረሕይወት ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ "ያንተን ስም ገና እየተለማመድሁት ነው" ይሉ ነበር።

ሚስታቸው እትዬ ለተክርስቶስ የአገራቸው ልጅ ናቸው። ባል ለቅሶውን ይጠራሉ፣ ሚስት ለቅሶውን ያበላሉ። ንፍሮው የሚቀቀልበት ትልቁ ሰታቴ በእሳቸው ካልተጣደ እሳቱም የሚነድ አይመስልም ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው። ከሰታቴው ቀና ብለው፣ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠራርገው፣ በድንኳኑ በር ወደ ውስጥ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ወንበሮቹ ላይ ሰው ከሞላ "ሞልቷል" ይሉና ወደ እሳታቸው ይመለሳሉ። ካልሞላ ጉድ ፈላ።

አንድ ጊዜ ውቤ በረሃ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ በአሳላፊነት የኖረ፣ ዘመድ የሚባል ያልነበረው ሽማግሌ ሞተ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰው ግን የለም። እትዬ ለተክርስቶስ በሩ ላይ ቆመው አዩና ፊታቸው ጠቆረ። ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ወጡ። ቡና ቤቱ ገቡ፣ ታክሲ ተራው ሄዱ፣ ጠጅ ቤቱን አንኳኩ። "ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳልፍላችሁ ኖሮ እናንተ አንድ ቀን ቁጭ አትሉለትም?" እያሉ ሰካራሙንም ወያላውንም በክንዱ እየጎተቱ አመጡ። ከቀትር በፊት መቀመጫ ጠፋ። አንዳንዱ ሟቹን በመልክ እንኳ ሳያውቀው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። የዚያን ዕለት እትዬ ለተክርስቶስ ለባላቸው፣ "ሞትስ የአባት ነው፤ ባዶ ድንኳን ነው የሚያስፈራኝ" አሏቸው። ጋሽ ገብረሕይወት ይህንን ቃል ከልባቸው አላወጡትም።

ከዚያ ሕንፃው መጣ።

መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ ፒያሳ ደግሞ ወሬ አያልቅባትም። ቀጥሎ ስብሰባ ሆነ። ከስብሰባው በኋላ ሰው ዕቃውን እየጫነ ወደየደረሰው ቤት ተበተነ፤ አንዱ ወደ ሰሚት፣ ሌላው ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ እነ ጋሽ ገብረሕይወት ወደ አራብሳ። የቆርቆሮ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ጽዱም ተቆረጠ። በቦታው ላይ ከታች እስከ ላይ መስተዋት የለበሰ፣ አንገት ቀልብሰው ካላዩት ጫፉ የማይታይ ፎቅ ቆመ። አራዳ ስም ለማውጣት ጊዜ አይፈጅበትምና "ቁም ሣጥኑ" አለው፤ ረጅም፣ ጠባብና ፊቱ መስተዋት ስለሆነ።

በቁም ሣጥኑ ያልተከራከረ ሰው የለም። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ማኪያቶ የሚጠጣው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ፣ "ደግ አደረጉ! ያ ሁሉ ዝገት ነው የሚናፍቃችሁ?" ይላል። ግማሹ፣ "ስንቱን ቤት ነው የዋጠው ይሄ ቁም ሣጥን!" ይላል። ጎረምሶቹ ፊቱ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ ሽማግሌዎቹ በሌላ መንገድ ዞረው ያልፋሉ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ሕንፃው አስቀያሚ አይደለም። የድሮዎቹ ቤቶችም ክረምት ሲገባ ያፈስሱ ነበር፤ ሽንት ቤቱም የመንደሩ የጋራ ነበር። ይህንን የሚክድ ሰው ወይ እዚያ አልኖረም ወይ ረስቶታል።

የእድሩ ዳኛ አቶ ገዛኸኝ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጴንጤ ቢሆኑም ከእድሩ ወንበር ተሸካሚዎች ሁሉ ግንባር ቀደሙ እሳቸው ነበሩ። በስብሰባው ላይ ተነሥተው፣ "ሕንፃ አንጠላም። እኛንም ከሥሩ አንድ ቦታ አስገቡን ነው ያልነው" ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ከጭብጨባው የተረፈ ነገር ግን አልነበረም።

የጋሽ ገብረሕይወት አንድ ልጅ ሉዋም ደግሞ በተቃራኒው ነበረች። ሕንፃው ሥራ ሲጀምር እዚያው ውስጥ ባለ አንድ ድርጅት ተቀጠረች፤ በሥራዋም ደስተኛ ናት።

"አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ተሰልፈን ያደግነውን ረሳኸው?" ትላቸዋለች።

"አልረሳሁም፤ እኔ የናፈቁኝ ከፊቴ የሚሰለፉት ናቸው" ይሏታል።

አንድ ቀን ሉዋም እናቷን ይዛ ወደ ቢሮዋ ወጣች። እትዬ ለተክርስቶስ በአሳንሰሩ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ላይ ሲደርሱ ግን በመስኮቱ ቁልቁል እያዩ ብዙ ቆዩ። ጊዮርጊስ ታያቸው፤ ራቅ ብሎ የሥላሴ ጉልላት ታያቸው።

"ጽዱ የት ጋ ነበር?" አሉ።

"መኪና ማቆሚያው መግቢያ ጋ ይመስለኛል፣ እማዬ።"

"ታዲያ እዚህ ሰው ቢሞት ድንኳኑ የት ይተከላል?"

ሉዋም ሳቀች። "እማዬ ደግሞ! እዚህ ሰው አይሞትም፤ ቢሮ እኮ ነው!"

እናትየው አልሳቁም። ማታ አራብሳ ሲመለሱ ለባላቸው፣ "ልጅህ ጥሩ ቦታ ነው ያለችው፤ ግን ገብሬ፣ የሚያለቅሱበት ቦታ የላቸውም" አሏቸው።

አራብሳ ላይ ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ውኃው ሲመጣ በቧንቧ ነው፤ ሽንት ቤቱ የራሳቸው ነው። ጎረቤቶቹም ክፉዎች አይደሉም፤ ሰላም ይላሉ፣ ከዚያ የብረት በራቸውን ይዘጋሉ። የእድሩ ድንኳንና ወንበሮች ዕቃ ቤቱ ሲፈርስ ማደሪያ አጥተው ስለነበር ጋሽ ገብረሕይወት ወደ አራብሳ ወስደው ደረጃው ሥር አስቀመጧቸው። ጡሩምባውን ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሉዋም ለእድርተኛው በስልክ ግሩፕ ከፍታ አባቷን አስተማረቻቸው፤ ይህችን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ስትለቃት ለሁሉም ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት የለቅሶው ቦታ በየሰፈሩ ስለሆነ፣ አቶ ገዛኸኝ ደውለው "ድንኳኑ ሰሚት፣ እንዲህ ያለው ብሎክ ነው በል" ይሏቸዋል፤ ጋሽ ገብረሕይወትም ከአፋቸው እየተቀበሉ ስልኩ ላይ ይደግሙታል። ዜማው አልገጥም እያላቸው ይናደዱ ነበር።

እትዬ ለተክርስቶስ በቀጣዩ ዓመት ልባቸውን ታመሙ። የፒያሳ ጎረቤታቸው ሳሊሀ፣ ጽዱ አጠገብ ልብስ ትሰፋ የነበረችው፣ ታክሲ እየቀያየረች መጥታ ጠየቀቻቸው። ሌሎቹም ቢሆን ይደውላሉ፤ አንዳንዴም ይመጣሉ። ግን መንገዱ ሩቅ ነው፤ መምጣቱ እየሳሳ ሄደ። እትዬ ለተክርስቶስም አልጋቸው ላይ ሆነው የደረጃውን ኮቴ ያዳምጣሉ። ኮቴው ሁሉ ወደ ሌላ በር ያልፋል።

ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት የባላቸውን እጅ ይዘው፣ "ገብሬ፣ እዚህ ማን ያውቀኛል?" አሏቸው። "ሰው ሳይኖር እንዳትቀብረኝ።"

ጋሽ ገብረሕይወት ድምፃቸውን አጠንክረው፣ "እኔ ጠርቼው የቀረ ሰው ታውቂያለሽ?" አሏቸው። "ምዬልሻለሁ፣ ይሞላል።"

"አጆኻ" አሉ ሚስትየው፤ በአገራቸው ቋንቋ አይዞህ ማለታቸው ነው። የሚያጽናናው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ የሳቱት ይመስላሉ፤ ወይም በደንብ ያውቁት ነበር።

ሲነጋጋ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ። ሉዋም አስከሬኑን ለማውጣት እዚያው ቀረች፤ አባቷን ቤቱን እንዲያሰናዱ ቀድማ ላከቻቸው። ጋሽ ገብረሕይወት አራተኛ ፎቅ እንዴት እንደወጡ አያስታውሱም። ጡሩምባውን ከግድግዳው አወረዱ። በረንዳው ላይ ቆመው ነፉት። የማያውቃቸው ሰፈር መስኮቱን እየከፈተ በቁጣ ተመለከታቸው፤ አንድ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። እሳቸው አላዩም፤ አልሰሙም። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው ተጫኑት።

"እድርተኛ፣ ሰው ጎድሎብናል!" አሉ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ እንደገና አነሡት። "ለተክርስቶስ… የእኔ ለተክርስቶስ ዐርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ድንኳኑ ከጽዱ ሥር ነው፤ ቀድማችሁ ድረሱ!"

ጣታቸውን አነሡ፤ ቃሉም ለሁሉም ደረሰ። አራብሳ አላሉም። ብሎክም አልጠሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ዜማ ሲዘጉት የኖሩት ቃል ራሱ ወጣ፤ መውጣቱን እንኳ አላወቁም። እንደ ሌላው ቀን ቦታውን የሚነግራቸው አቶ ገዛኸኝ አልነበሩም። ስልኩን አልጋው ላይ ጣሉትና ወረዱ።

ወጣት ጎረቤቶቻቸው ደግ ልጆች ናቸው፤ ድንኳኑን አብረው ተከሉ። አስፋልቱ ካስማ አልይዝ ስላለ ገመዱን በድንጋይና በቆመ መኪና ጎማ ላይ አሰሩት። "እርስዎ ይቀመጡ እንጂ፤ ለቅሶ የደረሰበት ሰው ወንበር አይደረድርም" ቢሏቸው ጋሽ ገብረሕይወት አሻፈረኝ አሉ። ወንበሮቹን በሙሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ ተጠጋግተው ደረደሯቸው። "ብዙ ሰው ይመጣል" እያሉ።

ተቀመጡ። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ የሚወርደው ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ ወደየቤቱ ይሄዳል። የብሎኩ ሰዎች ተራ በተራ እየገቡ "እግዜር ያጥናዎት" ብለው ጥቂት ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ ቀስ ብላ፣ "ባለቤትዎ ያቺ በመስኮት ታይ የነበረችው ናት አይደል?" አለቻቸው። ጋሽ ገብረሕይወት ራሳቸውን ነቀነቁ። ለተክርስቶስ፣ የስንቱን ሰታቴ የጣደችው ሴት፣ እዚህ የምትታወቀው በመስኮት በማየቷ ነው።

ቀትር ሆነ። አስከሬኑ መጣ። ሉዋም ከመኪናው ወርዳ የድንኳኑን ውስጥ አየች። "አባዬ፣ ሰዉስ?" አለች።

"ይመጣሉ። መንገድ ነው የያዛቸው።"

አልመጡም። ጋሽ ገብረሕይወት በልባቸው እየጠሯቸው መናደድ ጀመሩ። ገዛኸኝ፣ የእናቱን መርዶ የነገርሁት። ሳሊሀ፣ ወንድሟ ሲሞት ለተክርስቶስ ጎኗ የተቀመጠችላት። ለሁላችሁም ጮኼአለሁ፤ በዝናብ ጮኼአለሁ፤ በትኩሳት ጮኼአለሁ። ንዴቱ ሲያልፍ የመጣው ነገር ከንዴቱ ባሰ። ወዳጅነታችንም ከቤቱ ጋር ፈርሷል ማለት ነው ብለው አሰቡ። የምናውቀው ሰው ሳይሆን የምንኖርበት ቦታ ነበር ማለት ነው። ቅስማቸው ተሰበረ።

በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ካህኑ ጸሎቱን ጨርሰው ሲመለከቷቸው፣ ጋሽ ገብረሕይወት፣ "ትንሽ ይታገሡን አባ" አሉ። ካህኑ ታገሡ። እንደገና ሲመለከቷቸው፣ "ትንሽ ብቻ" አሉ። ሦስተኛውን ካህኑ አልጠበቁም። አፈሩ ሲመለስ ዙሪያውን የቆሙት ጎረቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ስሟን የሚያውቁትም አባትና ልጅ ብቻ። ጋሽ ገብረሕይወት የሚያዩት መቃብሩን ሳይሆን የቅጥሩን በር ነበር።

ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ሉዋም ሆስፒታል ስትመላለስ ባትሪው አልቆ ጠፍቶባት የነበረውን ስልኳን ቻርጅ ሰካችና ከፈተችው። ወዲያው መጮኽ ጀመረ፤ የአቶ ገዛኸኝ ጥሪ፣ የሳሊሀ ጥሪ፣ እንደገና የአቶ ገዛኸኝ። ከሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ቪዲዮ ተልኮላት ነበር፤ "ሉዊ፣ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?" የሚል። ከፈተችው።

"አባዬ" አለች። "ና፣ እይ።"

ቪዲዮው ላይ ቁም ሣጥኑ አለ። በመኪና ማቆሚያው መግቢያ፣ በመስተዋቱ ግድግዳ ሥር፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ወንዶች ተሰብስበዋል። ሳሊሀ ሱቋ በነበረበት ትክክል ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። አቶ ገዛኸኝ ለአንድ ጥበቃ እጃቸውን እያወናጨፉ ያስረዳሉ። ከቪዲዮው ሥር የማያውቁት ሕዝብ የጻፈው ተደርድሯል። አንዱ "የልማት ጠላቶች፣ ድራማ ነው" ብሏል። ሌላው "ሳቄን አመጡት" ብሏል። አንዷ "እኔም የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ቢሮዬ ሆኜ አለቀስሁ" ብላለች። ሰው ሁሉ ስለ ሕንፃው ይሰዳደባል። ሞተች የተባለችው ማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም።

ሉዋም የግሩፑን ድምፅ ከፈተችው። የጋሽ ገብረሕይወት ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ድንኳኑ ከጽዱ ሥር ነው፤ ቀድማችሁ ድረሱ።

ጋሽ ገብረሕይወት አፋቸውን በእጃቸው ጫኑ። ያን አፍ ነቅለው ቢጥሉት በወደዱ።

እድርተኛው ከምሽቱ በፊት ደረሰ። ሉዋም ደውላ ስትነግራቸው ሁለት አውቶቡስ ተከራይተው፣ እዝናቸውን እንደያዙ መጡ። የብሎኩ ሰው በየመስኮቱ ወጥቶ አየ። አንድም ሳይቀር የተደረደሩት ወንበሮች በቅጽበት ሞሉ፤ የቀረው ሰው ቆመ። ሳሊሀ ገና ከበሩ "እትዬ ለቱ፣ ቤትሽ ጠብቀንሽ ነበር እኮ!" ብላ ስትጮኽ ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ።

አቶ ገዛኸኝ ከጎናቸው ተቀመጡና በቀስታ አጫወቷቸው። ቃሉን ሲሰሙ ማንም አልተጠራጠረም፤ ገብሬ ካለ አለ ነው። አስፈቅዶ ይሆናል አሉ። ባያስፈቅድም እንኳ ይገባታል አሉ። አስከሬኗ በቤቷ በኩል አልፎ እንዲሄድ ፈልጎ ነው አሉ። መጀመሪያ ጥበቃዎቹ ከለከሏቸው። ከላይ ሠራተኛው በመስኮት አጮለቀ፤ መኪናው አላልፍ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን አምባረቀ። ኋላ ግን ከሕንፃው ካፌ አንዲት አስተናጋጅ ለአሮጊቶቹ ወንበር አወጣች። ከራቫት ያሰሩ ልጆችም ወርደው አብረው ቆሙ። ከጥበቃዎቹ አንዱ ዘግየት ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

"ሞልቶ ነበር?" አሉ ጋሽ ገብረሕይወት።

"መኪና ማለፊያ አልነበረም። እስክትመጣ ነበር የምንጠብቃት።"

"ብቻዋን ቀበርኋት፣ ገዛኸኝ።"

አቶ ገዛኸኝ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። "አንተ ምን አደረግህ? መንገዱን ያሳተን ያ ሕንፃ ነው።"

"ሕንፃው አፍ የለውም" አሉ ጋሽ ገብረሕይወት። "የተናገርሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ ማንም ሊያጽናናቸው አልሞከረም። አብረዋቸው አለቀሱ እንጂ።

በሠልስቱ ጠዋት ጋሽ ገብረሕይወት ሉዋምን አስከትለው ወደ መቃብሩ ሄዱ። ጡሩምባውን ከጋቢያቸው ሥር ይዘው ነበር። ሉዋም "አባዬ፣ እዚህ እኮ…" ብላ ጀመረችና ተወችው። ነፉት። ከዚያ አፈሩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ያን አትክልት ተራን ሲያናውጥ የኖረ ድምፃቸውን አወጡት።

"ለተ፣ ስሚ! ሳሊሀ መጥታለች። ገዛኸኝ መጥቷል። የቡና ቤቱ ሰው መጥቷል፣ የጠጅ ቤቱ ሰው መጥቷል፣ የማያውቁሽም መጥተዋል። ሞልቷል፣ ለተ! ከጽዱ ሥር ሞልቷል! ቦታውን የሳትሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ አልቀሩም። ሰው አልቀረብሽም!"

ድሮ ሰፈሩ በሙሉ ለእሳቸው ያደርግ እንደነበረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ጆሮአቸውን አቆሙ። ብዙ ጠበቁ። ሉዋም ጡሩምባውን ከእጃቸው ስትወስድባቸው አልተከላከሏትም፤ ክንዳቸውን ይዛ ወደ በሩ ስትመራቸውም ፊታቸው ወደ ኋላ ዞሮ ነበር።